ልጄ ሆን ብሎ አይደለም፤ ለመምህሩ እንዴት ላስረዳ?

እናት ከኮተቤ

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መድረክ ላይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ አራተኛ ክፍል ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ዓይኑን ቶሎ ቶሎ ማርገብገብ ጀመረ። አሞት ይሆናል ብዬ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኩት፤ ዓይኑ ደህና ነው ተባልኩ፤ ጠብታ ታዞለት ተመለስን። ከጥቂት ወራት በኋላ የዓይኑ ነገር ቀርቶ አንገቱን ወደ ግራ መወርወር ያዘ፤ ቀጥሎ ትከሻውን መስበቅ መጣ፤ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ደግሞ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው «እህም» ማለትና አንዳንዴም እንደ ቡችላ ጩኸት ያለ አጭር ድምፅ ማውጣት ጨመረበት። ለሳምንታት ጋብ የሚልበት ጊዜ አለ። አለቀ ብዬ ሳመሰግን ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመለስም ብዙ ጊዜ መልኩን ለውጦ ነው።

ቤታችን ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ «ተው»። አባቱ «ተው» ይለዋል፤ አያቱ «ተው የኔ ልጅ፣ ሰው ምን ይላል» ይሉታል፤ እኔም በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው ቆጥሬ አልጨርሰውም። እሱም ለጥቂት ደቂቃ ይተዋል። መከራው የመጣው ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም መምህሩ «ስቆጣው ያቆማል፤ ማቆም ከቻለ ደግሞ ሆን ብሎ ነው» ብሎ ከክፍል ያስወጣዋል። ባለፈው ሳምንት ግማሽ ቀን በር ላይ ቆሞ እንደዋለ የሰማሁት ከእሱ ሳይሆን ከጎረቤት ልጅ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቀድሜ ቤት ነበርኩ። የግቢውን በር ዘግቶ ቦርሳውን መሬት ላይ እንዳስቀመጠ ግድግዳውን ተደግፎ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ድምፁን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ወደ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ዕቃ የተሸከመ ሰው ሸክሙን ሲያወርድ የሚያሳየው ፊት ነበር የሚታይበት። ማታ ላይ ቀስ ብዬ ስጠይቀው «እማዬ፣ አንገቴ ውስጥ የሚበላኝ ነገር አለ፤ ካልወረወርኩት አይለቀኝም፤ ስወረውረው ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል» አለኝ። እኔ ግን ለሁለት ዓመት «ተው» ስለው ኖሬአለሁ።

በኢንተርኔት ላይ ቱሬት ሲንድሮም ስለሚባል ሕመም አነበብኩ። ይህ ይሆን? ወደ አእምሮ ሕመም ይሄድበት ይሆን? ለመምህሩስ ምን ብዬ ላስረዳው? የምታውቁ ካላችሁ በፈጣሪ ስም አትለፉኝ።

ወንድም ከሳሪስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ልጅ ካልተገሠጸ ያየውንና የለመደውን ይዞ ያድጋል ብዬ አምናለሁ። አንቺው ራስሽ ሲቆጡት እንደሚያቆም ጽፈሻል። ትንሽ ጠንከር ብትሉበት ልማዱ ይሰበር ነበር የሚል ሐሳብ አለኝ። ተሳስቼ ከሆነ ልታረም ዝግጁ ነኝ።

የነርቭ ሐኪም

ውድ እናት፣ ልጁን ሳላይ ይህ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፤ የጻፉት ታሪክ ግን በዚህ ሙያ ላይ ላለ ሰው ቱሬትን ወዲያው የሚያሳስብ ነው። ሕመሙ በሁለት ዓይነት ቲክ ይታወቃል፤ አንዱ ያለ ፈቃድ የሚመጣ ድንገተኛና ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ሲሆን ሌላው በዚያው መንገድ የሚወጣ ድምፅ ነው። ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ ሁለት የእንቅስቃሴና አንድ የድምፅ ቲክ፣ በአንድ ጊዜ ባይታዩም እንኳ፣ እየመጡና እየሄዱ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆዩ፣ ሌላ ምክንያትም ካልተገኘላቸው፣ ሐኪሙ ቱሬት ነው ይላል። ይህን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም፤ ኤምአርአይም አያሳየውም። የሚታወቀው ታሪኩን በትዕግሥት በመስማትና ልጁን በማየት ነውና ሐኪም ሳያዝዝልዎ ለምርመራ ብዙ ገንዘብ አውጥተው እንዳይጎዱ።

ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ በወንዶች ላይ ከሴቶች ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይበዛል፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ጉርምስናው እየገፋ ሲሄድ ደግሞ በአብዛኞቹ ላይ በግልጽ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ሊከብዱ እንደሚችሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን ተስፋው ጥሩ እንደሆነ አውቀው ይዘጋጁ። ቱሬት ወደ እብደት አይሄድም፤ የማሰብ ችሎታንም አይቀንስም።

በአንጎል ጥልቀት ውስጥ ቤዛል ጋንግሊያ የሚባሉ ክፍሎች አሉ። ከሌሎቹ የአንጎል ክፍሎች ጋር ተያይዘው የትኛው እንቅስቃሴ ይለፍ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ያጣራሉ፤ በዚህ ሥራም ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ትልቅ ድርሻ አለው። ማጣሪያው ሲላላ ያልተፈለገው እንቅስቃሴ ያመልጣል። ዝንባሌው በአብዛኛው በዘር ይተላለፋል። አባትየው ወይም አጎት በልጅነቱ ዓይኑን ያርገበግብ እንደነበር ብትጠይቁ ላታጡት ትችላላችሁ።

የሳሪሱ ወንድማችን ያነሡት ነገር ብዙ ሰው የሚስትበት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። እስኪ ዓይንዎን ሳይከድኑ አንድ ደቂቃ ለመቆየት ይሞክሩ። ለጥቂት ጊዜ ይችላሉ፤ ሐሳብዎ በሙሉ ግን ዓይንዎ ላይ ይሆናል፤ በዚያ መካከል አንድ የማካፈል ጥያቄ ቢሰጥዎ ይስቱታል፤ በመጨረሻም ዓይንዎ ይከደናል፤ ያውም ደጋግሞ። ልጁ «የሚበላኝ ነገር አለ» ያለው ይህንኑ ስሜት ነው፤ ከቲኩ ቀድሞ ይመጣል፤ የሚረግበውም ቲኩ ሲወጣ ብቻ ነው። ማፈን መቻሉ ሆን ብሎ ለማድረጉ ማስረጃ አይሆንም። ማስነጠስንም ለጥቂት ሰከንድ ማፈን ይቻላል፤ ሆን ብሎ ያስነጠሰ ሰው ግን አላየሁም። በር ዘግቶ ያወረደው ሸክም ከጠዋት ጀምሮ ሲያፍነው የዋለው ነው፤ ሲያፍን ደግሞ ትምህርቱ አልፎታል። ቁጣና ጭንቀት ቲክን ያብሳሉ እንጂ አይሰብሩም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቱሬት ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ስድብ መጮህን ነው። ያለ ፈቃድ ጸያፍ ቃል ማውጣት ያለባቸው ግን ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 15 ያህሉ ብቻ ናቸው። ታላቅን ማክበር ዋና ነገር በሆነበት ቤት ውስጥ ይህ ቢመጣ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቃሉ የልጁ ሐሳብ አይደለም።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ሁለት ነገሮች ይጣራሉ። የመጀመሪያው የሚጥል በሽታ ነው፤ ልጁ ቲኩ ሲመጣ እየሰማና እየመለሰ ከሆነ ጥርጣሬው ይቀንሳል። ሁለተኛው በአገራችን ፈጽሞ ሊዘነጋ የማይገባው ነው፤ የጉሮሮ ሕመም ከታመመ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ልጁ ድንገት መቆራጨት ቢጀምር፣ ዕቃ ከእጁ ቢወድቅ፣ ጽሑፉ ቢበላሽና እንቅስቃሴው እንደ ቲክ አንድ ዓይነት ሳይሆን መልክ የሌለው ቢሆን፣ ከሩማቲክ ትኩሳት የሚመጣ ኮርያ የሚባል የእንቅስቃሴ ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህ ልብንም ስለሚነካ በአስቸኳይ መታየት አለበት። የእርስዎ ልጅ ታሪክ ይህን አይመስልም፤ ሌላ አንባቢ ቢኖር ብዬ ነው።

የደሴ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የእናትየዋን ጽሑፍ ሳነብ በተለይ የበሩን ነገር ስደርስበት አቆምኩና ውጭ ወጥቼ ተመለስኩ። እኔ ያ ልጅ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ አሁን 41 ዓመቴ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን በእንግዳ ፊት ስጮህ ያፍር ነበርና እንግዳው ሲወጣ ይገርፈኝ ነበር። ዱላው ሲነሣ አፍን ነበር፤ ስለዚህ ዱላው የሠራ መሰለው። እኔ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፎጣ አፌ ላይ ይዤ እጮህ ነበር።

ስሙን ያወቅሁት በ29 ዓመቴ እዚህ አሜሪካ፣ ለጀርባ ሕመም በሄድኩበት ክሊኒክ ነው። ሐኪሟ ጀርባዬን ትታ «ይህ የአንገትህ እንቅስቃሴ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ለረጅም ጊዜ አለቀስኩ። ሕመም ስላገኘሁ አልነበረም፤ ባለጌ እንዳልነበርኩ ስላወቅሁ ነው።

ለልጁ የምነግረው ነገር አለኝ። ልብ ብሎ አንድ ነገር ሲሠራ ቲኩ ጋብ እንደሚል ያስተውለው። እኔ ክራር ስመታ እጄም ጉሮሮዬም ዝም ይላሉ፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ በልጅነቴ ቀኑን ሙሉ ክራር የምለማመደው ለዚህ ነበር። ኳስ የሚወድ ከሆነ ደግሞ የአሜሪካ በረኛ ስለነበረው ስለ ቲም ሃዋርድ ይንገሩት። በማንቸስተር ዩናይትድና በኤቨርተን በር ላይ ስንት ቅዳሜ አይተነዋል! በ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ አሜሪካ ከቤልጂየም ጋር ስትጫወት ያዳናቸውን ኳሶች የሚረሳ የለም። ያ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ቱሬት አለበት፤ በአደባባይም ተናግሮታል። ኳሱ ወደ ግቡ ሲቀርብ ጡንቻዎቹ እንደሚታዘዙለት ገልጿል።

መምህር ከደብረ ብርሃን

መምህሩን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ እኔም ክፍሌ ውስጥ 58 ተማሪዎች አሉኝ፤ አንድ ድምፅ ሲነሣ ሌላው እንዴት እንደሚከተል አውቃለሁ። ነገር ግን እናቲቱ ለመምህሩ ምን ልበለው ብለው ስለጠየቁ እኔ ያደረግሁትን ልንገርዎት።

የዛሬ ሦስት ዓመት እንደ እርስዎ ልጅ ያለች ተማሪ ነበረችኝ። እናቷ ከሐኪም ወረቀት ይዘው መጡ። መጀመሪያ መቀመጫዋን ከፊት ረድፍ አንሥቼ ሁሉም ዞሮ እንዳያያት በስተጎን፣ በር አጠገብ አደረግሁት። ሲከብዳት እጅ ሳታወጣ ወጥታ እንድትመለስ ተስማማን፤ ምልክታችን እርሳስን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ማስቀመጥ ነበር። ይህን ፈቃድ ካገኘች በኋላ የምትወጣበት ጊዜ ከጠበቅሁት በታች ሆነ፤ መውጣት እንደምትችል ማወቋ ራሱ ሳያሳርፋት አልቀረም። ቲኩን እንዳላየ ማለፍን ቀስ ብዬ ለመድኩ፤ ይህ ለመምህር ከሁሉ የሚከብደው ነው። ፈተና ጊዜ ለብቻዋ፣ ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃ ሰጥቼ ፈተንኳት። ለክፍል ጓደኞቿ የነገርኳቸው እሷን አስፈቅጄ ነው፤ ሳላስፈቅድ ብናገር ኖሮ ማዋረድ ይሆን ነበር። «እንደ ማስነጠስ ነው» አልኳቸው። ልጆች ካስረዷቸው ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይቀበላሉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚዞር አልነበረም።

ወንድም ከሳሪስ

ዓይን አለመክደኑን ሞከርኩት። ወደ አርባ ሰከንድ ሲሆን እንባዬ መጣ። ሐኪሙንና የደሴውን ወንድሜን አመሰግናለሁ፤ እህቴንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን መድኃኒት የለውም ማለት ነው?

የነርቭ ሐኪም

መድኃኒት አለው፤ ሆኖም ሁሉም ልጅ መድኃኒት አያስፈልገውም። ቲኩ ልጁን ካላሳመመው፣ ትምህርቱንና ጓደኝነቱን ካላበላሸበት፣ ቤተሰብና ትምህርት ቤት መረዳታቸው ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ሲያስፈልግ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ልማድን የመቀልበስ ሥልጠና የሚባለው ነው። ልጁ ከቲኩ በፊት የሚመጣውን ስሜት ለይቶ ማወቅን ይማራል፤ ስሜቱ ሲመጣ ደግሞ ከቲኩ ጋር አብሮ ሊሆን የማይችል ሌላ እንቅስቃሴ ያደርጋል። ለምሳሌ አንገቱን የሚወረውር ልጅ አገጩን በቀስታ ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ ስሜቱ እስኪያልፍ ይቆያል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 17 በሆኑ 126 ልጆች ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ ከአሥር ሳምንት በኋላ ሥልጠናውን ከወሰዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በግልጽ ተሻሽለዋል፤ ምክርና ድጋፍ ብቻ ካገኙት ግን የተሻሻሉት ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም። ይህ «ተው» ከማለት የተለየ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ልጁ የሚያደርገው ነገር ይሰጠዋል እንጂ ባዶ እጁን አይታዘዝም።

ከመድኃኒቶቹ ሃሎፔሪዶል ከሁሉ ቀድሞ የታወቀው ነው፤ ቲክን ይቀንሳል፤ ግን ያስተኛል፣ ሰውነትን ሊያደርቅና ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ሪስፔሪዶን፣ አሪፒፕራዞልና ክሎኒዲንም ይሰጣሉ። እነዚህን ያለ ሐኪም መጀመርም ሆነ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ከቱሬት ጋር ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ከግማሽ በሚበልጡት ላይ አብሮ ይገኛል፤ ሐሳብና ድርጊት ያለ ፈቃድ የሚደጋገሙበት ኦሲዲም እንዲሁ በብዙዎች ላይ ይታያል። ብዙ ጊዜ ልጁን ከቲኩ ይልቅ የሚያሠቃዩት እነዚህ ናቸውና ሐኪሙ ባይጠይቅዎ እንኳ እርስዎ ያንሡት።

ዲያቆን ከጎንደር

ማንም እስካሁን ያላነሣው፣ ብዙ ቤተሰብ ግን በልቡ የያዘው ነገር አለ። ያለ ፈቃድ የሚጮህ ልጅ ሲታይ «መንፈስ ነው»፣ «ቡዳ በልቶት ነው»፣ «ዛር ነው» የሚል አይጠፋም። ጸበል እወዳለሁ፤ ያደግሁበትም ነው። ልጁን ጸበል መውሰድ የሚፈልግ ወላጅ ይውሰደው። ነገር ግን እየጮኸ እንዲናገር ማስገደድ፣ ማሰርና መግረፍ ልጁን ይሰብረዋል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲጠቀሙ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለዚህም ሕመም ያው ነው። በቅዳሴ ጊዜ ልጁ ድምፅ ቢያወጣ ደግሞ ወደ ኋላ መግፋት አይገባም፤ ከቤተ መቅደሱ በስተጎን ወይም ከዛፉ ሥር ከእናቱ ጋር ቆሞ ያስቀድስ።

እህት ከፍራንክፈርት

የ15 ዓመት የእህቴ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ምንም ሳይቀድመው እጇን መወርወርና ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየደጋገመች መጮህ ጀመረች። ስልኳ ላይ ቱሬት ያለባቸውን ሰዎች ቪዲዮ ብዙ ታይ ነበር። ይህም ያው ነው?

የነርቭ ሐኪም

ምናልባት ሌላ ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ በጀርመንም በሌሎች አገሮችም፣ በተለይ በወጣት ሴቶች ልጆች ላይ፣ ቲክ የሚመስል ግን ቱሬት ያልሆነ ሕመም በብዛት ታይቷል። ቱሬት በልጅነት ቀስ ብሎ ከፊትና ከአንገት ይጀምራል፤ ያ ግን ድንገተኛና ውስብስብ ነው። ልጅቷ አታስመስልም፤ ሥቃዩ እውነተኛ ነው። ሕክምናው በአብዛኛው የሥነ ልቦና እንጂ የቲክ መድኃኒት ስላልሆነ ሁለቱን ለይቶ ለሚያውቅ ሐኪም ያሳዩአት።

የታሪክ አንባቢ

ለእናቲቱ አንድ ነገር ብቻ። ሕመሙ ስሙን ያገኘው ዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት ከተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ በፓሪሱ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ሲሠራ በ1885 እ.ኤ.አ. የዘጠኝ ሕሙማንን ታሪክ ጻፈ። ከእነርሱ አንዷ በሰባት ዓመቷ የጀመራት መኳንንት ሴት ነበረች፤ ሌላ ሐኪም ቀድሞ በ1825 ስለ እሷ ጽፎ ነበር። ሕመሟን በአስተዳደግ ጉድለት ልናሳብብ የማንችል ባለ ማዕረግ ሴት ናት። ያም ሆኖ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ የወላጅ ነው የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። በ1960ዎቹ አርተርና ኢሌን ሻፒሮ የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት በሃሎፔሪዶል የሚሻላቸውን ሕሙማን እያሳዩ ነገሩ የአንጎል እንጂ የአስተዳደግ እንዳልሆነ ተከራከሩ። ስለዚህ ራስዎን አይክሰሱ።

እናት ከኮተቤ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታ።

ጽሑፋችሁን ለባለቤቴና ለአያቱ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የደሴው ወንድሜ ስለ ፎጣው የጻፈውን ሳነብ ባለቤቴ ተነሥቶ ወጣ፤ ሲመለስ በልጅነቱ ዓይኑን ያርገበግብ እንደነበር፣ ሰፈር ውስጥም በዚያ ስም እንደሚጠሩት ነገረኝ። አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አላውቅም ነበር። ለልጃችንም የነገረው እሱ ራሱ ነው።

በቤታችን «ተው» ማለት ቀርቷል። ለአያቱ ከብዷቸው ነበር፤ አሁን ቃሉ አፋቸው ላይ ሲመጣ እንዝርታቸውን አንሥተው ጥጥ ይፈትላሉ። በዚህ ሦስት ሳምንት የፈተሉት ለአንድ ነጠላ ሳይበቃ አይቀርም።

ትምህርት ቤት ሄጄ የደብረ ብርሃኑን መምህር ጽሑፍ አትሜ ሰጠኋቸው። የክፍሉ መምህር መጀመሪያ የሐኪም ወረቀት ይምጣ አለኝ፤ ሆኖም ልጁን ከዚያ ወዲህ አላስወጣውም፤ መቀመጫውንም በር አጠገብ አድርጎለታል።

ለሐኪሙ ለማሳየት በስልኬ ልቀርጸው ብዬ ነበር። ስልኩን ሳነሣ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ደግሞም ይከፋዋል። በመጨረሻ እሱኑ አስፈቀድኩት፤ «እሺ፣ ግን አንቺ አትይኝ» አለኝ። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቁሜ ሥዕል እንዲሥል ተውኩትና ወደ ማድቤት ሄድኩ። የአሥራ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው፤ ሲሥል ዝም ያለበትም፣ ቀለም ለመለወጥ ሲያቆም አንገቱ የሚመለስበትም ግልጽ ሆኖ ይታያል። ቀጠሮው ለኅዳር 12 ነው። የሚሉኝን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።